ልጃችንን የት እናስታምም? ሕክምና ሊያድነው ላልቻለ ልጅ በሐዋሳና በዙሪያዋ ያሉ አማራጮች ንጽጽር

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሕክምናው አያድነውም፤ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት» ሲል ወላጅ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ መርዶ፣ ሌላው መባረር። በዚያው ምሽት አጎት ከዲላ ደውሎ «ጥቁር አንበሳ ሳታደርሱት እንዴት ተስፋ ትቆርጣላችሁ?» ይላል፤ ጎረቤት የጸበል ቦታ ይጠቁማል፤ አያት «የልጅ ልጄን ወደ ቤቱ አምጡልኝ» ትላለች። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ምክራቸው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ውሳኔውም ለብዙ ቀናት እንቅልፍ ባላዩ ሁለት ሰዎች ጫንቃ ላይ ያርፋል።

በሐዋሳ በሕፃናት ሕሙማን ክፍል በነርስነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህ ጽሑፍ አንዱን ሆስፒታል ከሌላው ለማስበለጥ የታሰበ ሳይሆን አማራጮቹን በአንድ ሚዛን ለማየት እንዲረዳ የቀረበ ነው። ሚዛኑም ከሌሊት ይጀምራል። ቀን ላይ የትኛውም ቦታ ደህና ይመስላል፤ ሐኪም አለ፣ ጠያቂ አለ፣ ፋርማሲውም ክፍት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጁ በሕመም ሲነቃ መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ መድኃኒቱም በእጅ ይኑር አይኑር ስትጠይቁ ነው።

## በቅድሚያ መረጋገጥ ያለበት

ከማወዳደር በፊት «አይድንም» የተባለው በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ጠይቁ። በልጆች ላይ የሚከሰት ካንሰር ከአዋቂዎቹ በተሻለ የሚድን ሕመም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች ይድናሉ፤ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ስለዚህ የናሙና ምርመራው ተጠናቋል ወይ? ያልተሞከረና የማዳን ዕድል ያለው ሕክምና ሌላ ቦታ አለ ወይ? የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። መልሱ «አለ» ከሆነ የምትመርጡት ሕክምናን ነውና ይህ መመሪያ ለጊዜው አይመለከታችሁም።

መልሱ «የለም» ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል እንድታውቁ በግልጽ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ቦስተን ልጆቻቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። በጥናቱ መሠረት ሐኪሞች ልጁ የመዳን ዕድል እንደሌለው በመዝገብ ያሰፈሩት ከሞቱ በአማካይ 206 ቀናት አስቀድመው ሲሆን፣ ወላጆቹ ይህንኑ የተረዱት 106 ቀናት ሲቀሩት ነው። በመካከሉ ከ3 ወር በላይ አለ። እኛም ዘንድ ክፉ ወሬ በዙሪያ ጥምጥም የሚነገር በመሆኑ ክፍተቱ የሚጠብ አይመስለኝም። ሐኪሙ «እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል» ብሎ ሲያቆም፣ ከአክብሮት ጋር «ዶክተር፣ የእኛ ልጅ ቢሆን ሳይሆን የእርስዎ ልጅ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኞቹ ለዚህ ጥያቄ እውነቱን ይመልሳሉ።

## መመዘኛዎቹ

ሥቃይን ማስታገስ። ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ይህ ይቀድማል። የቦስተኑ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባሳተሙት ሌላ ጥናት 89 በመቶ የሚሆኑት ልጆች በመጨረሻው ወራቸው ቢያንስ በአንድ የሕመም ምልክት ክፉኛ መሠቃየታቸውን ወላጆች ተናግረዋል፤ ይህ የሆነው ሁሉም ነገር በተሟላበት ከተማ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል መተኛት ብቻውን ከሥቃይ አያድንም፤ ሥቃዩን የሚከታተልና መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

ለልጆች ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው በሁለት ደረጃ ነው። ቀለል ላለው ሕመም ፓራሲታሞል ወይም፣ ሐኪም ከፈቀደ፣ አይቡፕሮፌን ይሰጣል፤ ለበረታው ደግሞ ሞርፊን። በሚጠጣ መልክ የሚዘጋጀው ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለማስታወስ ቀላል ነው፦ በ12፣ በ4 እና በ8 ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም። ሕመሙ እስኪነሣ አይጠበቅም፤ ከተነሣ በኋላ ማብረድ ከባድ ነውና። በሐኪም በተወሰነ መጠን ሲሰጥ ልጁን ሱሰኛ ያደርገዋል ወይም ሞቱን ያፋጥነዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ትንፋሽ ማጠሩንም ያቀልለታል። ሆድ ግን ያደርቃልና የሆድ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ቢተኛ አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ያጣውን እንቅልፍ እየከፈለ ነው። ቀስቅሳችሁት የማይነቃ ከሆነ ወይም ትንፋሹ እጅግ ከዘገየ ግን ወዲያውኑ ደውሉ።

የመድኃኒት ምንጭ። ሞርፊን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ ይወጣል፤ በየሰፈሩ ፋርማሲም አይገኝም። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንዲትን ልጅ ከወላጆቿ ጋር ዓርብ ዕለት ወደ ቤት ሸኘን። ጠርሙሱ ስንት ቀን እንደሚያደርስ አልቆጠርኩም። ቀኑ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን ነበር፤ መድኃኒቱ እሑድ ማታ አለቀ፤ የሚያዝዘው ሐኪምም ማዘዣውን የሚያስተናግደው ፋርማሲም የተገኙት ማክሰኞ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ቤተሰብ የምሸኘው የጠርሙሱን ሚሊ ሊትር ለዕለቱ መጠን አካፍዬ፣ የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ነው። እናንተም ይህን ስሌት ሳታገኙ ከዋርድ አትውጡ።

በልጁ ዙሪያ ያሉ ሰዎች። እህት ወንድሞቹ ሊያዩት ይችላሉ? እናትና አባት ተራ ገብተው መተኛት ይችላሉ? ልጁስ የሚፈልገው ማንን ነው?

ወጪ፣ የመመለሻውን ጨምሮ። የአልጋና የመድኃኒት ዋጋን ሁሉም ይቆጥራል። የሚዘነጋው የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ የቀረ የቀን ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ በሰው አገር ቢያርፍ አስከሬን ለማጓጓዝ የሚከፈለው ኪራይ ነው።

ሥርዓትና ቀብር። ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሼህ በጊዜ መድረስ መቻሉ፣ እድር የሚደርስበት ቦታ መሆኑ።

## አንደኛ፦ ሐዋሳ ውስጥ ሆስፒታል መተኛት

በከተማዋ ትልቁ ሰዎች በተለምዶ «ሪፈራል» የሚሉት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሆን፣ የከተማው ነዋሪ በቅርበት የሚያውቀው አዳሬ ሆስፒታልም አለ። ሆስፒታል መተኛት የሚመረጠው ምልክቱ በቤት በማይያዝበት ጊዜ ነው፤ ደም የሚፈስሰው፣ ደጋግሞ የሚያንቀጠቅጠው፣ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ወይም የማስታገሻ መጠኑ ገና ያልተስተካከለለት ልጅ ቦታው እዚያ ነው።

ጉድለቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ሌሊት ጥቂት ነርሶች ብዙ አልጋ ይጠብቃሉ፤ የ8 ሰዓቱ መድኃኒት 10 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምለው እኔው ራሴ ያንን ሌሊት ስለሠራሁት ነው። የብዙ ዋርዶች ደንብ ልጆችን ለጥየቃ ስለማያስገባ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ሆስፒታል የማዳን ልማድ አለው፤ ለልጁ ፋይዳው ባልታወቀ ምክንያት ደም ይቀዳል፣ ደም ሥር ፍለጋ እጁ ይወጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ትንፋሹ ቢቆም ደረቱን መጫንና በመሣሪያ ማስተንፈስ ይደረግ ወይስ አይደረግ፤ ከዕለታዊ ምርመራዎቹ የሚቀሩት የትኞቹ ናቸው። የተስማማችሁበት በካርዱ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ የሌሊቱ ተረኛ ሐኪም እናንተን አያውቃችሁም።

## ሁለተኛ፦ አዲስ አበባ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሰው በመኪና ከ4 እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅበት መንገድ አጥንቱ ለሚያመው ልጅ ሌላ መንገድ ነው። ያልተጠናቀቀ ምርመራ ካለ፣ ወይም ሥቃይን ለመቀነስ ተብሎ የሚሰጥና ሐዋሳ የማይገኝ የጨረር ሕክምና ከታዘዘ ጉዞው ትርጉም አለው። በዚህ ጊዜ ከመነሣታችሁ በፊት ማደሪያ ጠይቁ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እና ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ከክልል ለሚመጡ ታካሚ ልጆች ማረፊያ ይሰጣሉ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ለጽኑ ሕሙማን ቤት ለቤት የማስታገሻ እንክብካቤ ከጀመሩት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ነው፤ በከተማዋ ዘመድ ዘንድ የምታርፉ ከሆነ ይጠቅማችኋል።

«ሁሉንም ሞክረናል» ለማለት ብቻ የሚደረግ ጉዞ ግን ከሁሉም አማራጮች ደካማው እንደሆነ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ያለ ቀጠሮ ሄደው ሳምንት በወረፋ ከቆዩ በኋላ እዚህ የተነገራቸውን ቃል በቃል ሰምተው የተመለሱ ብዙ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። አንድ አባት ዝዋይን ሳያልፉ ልጁ እቅፉ ውስጥ እንዳረፈበትና ሐዋሳ እስኪደርሱ ለሌሎቹ ተሳፋሪዎች «ተኝቷል» እያለ እንደመጣ ነግሮኛል። የአጎትን ግፊት ለማርገብ የተሻለው መንገድ የምርመራ ውጤቱን ቅጂ ብቻ ይዞ አንድ ሰው መላክ ነው። ልጁ እዚሁ ሆኖ ወረቀቱ ይሂድ።

## ሦስተኛ፦ ቤት፣ ከሆስፒታል ክትትል ጋር

«ቤት መውሰድ» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዲስቻርጅ ወረቀት ተቀብሎ መሄድ ሲሆን ይህ በእርግጥም ከመባረር አይለይም። ሁለተኛው ግን መድኃኒት፣ የሚደወልበት ስልክና የቀጠሮ ቀን ይዞ መውጣት ነው። ይህ መመሪያ አማራጭ የሚለው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ከሸበዲኖ የመጣች አንዲት እናት ማንበብ አትችልም ነበር። ሲሪንጁ ላይ መጠኑ እስከሚደርስበት ድረስ ነጭ ፕላስተር ጠመጠምንላት፤ በታላቅ ልጇ ስልክም ላይ ለስድስቱም የመድኃኒት ሰዓቶች አላርም ሞላንላት፤ ከመሄዷ በፊት በውኃ ሦስት ጊዜ ለካች። ከአምስት ሳምንት በኋላ የተረፈውን መድኃኒትና ሲሪንጁን በፌስታል ይዛ መጣች። ፕላስተሩ ጠቁሯል። «ሌሊቱን ይተኛ ነበር» አለችኝ። ሌሊት በዋርድ ውስጥ እኔ ከምሰጠው ይልቅ እርሷ በሰዓቱ ትሰጥ እንደነበር እገምታለሁ። የተረፈ ሞርፊን መመለስ እንዳለበትም ከማንም በተሻለ የገባት እርሷ ነበረች።

ቤት የሚጎድለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ኦክስጅን። በመብራት የሚሠራው ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ነገር ግን ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሁሉ ኦክስጅን አያስፈልገውም፤ ከፍ አድርጎ ማስደገፍ፣ መስኮት መክፈትና ፊቱ ላይ ማራገብ የሚያሳርፈው ብዙ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ጠያቂ ነው። ባህላችን ሕመምተኛን ብቻውን አይተውም፤ ይህ ትልቅ ሀብት ቢሆንም ቡና ለማፍላት የምትሮጥ እናት ከልጇ ጎን ልትሆን አትችልም። አንዲት አክስት በር ላይ ሆና ጠያቂውን እንድታስተናግድ አድርጉ። ሦስተኛው አከራይ ነው፤ በአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሰው ሲበዛና ሌሊት መብራት ሲበራ ሊነገረው የሚችለውን አስቀድሞ ማሰብና ነገሩን ለአከራዩ በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር እዚህ ይነሣ፤ ከሁሉ በላይ እናቶችን የሚያስለቅሰው እርሱ ነውና። ልጁ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መብላት ያቆማል። የሚሞተው ስላልበላ አይደለም፤ የማይበላው ሰውነቱ እያቆመ ስለሆነ ነው። አጥሚት በግድ ማጋት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ ከጠየቀ የጠየቀውን በማንኪያ መስጠት በቂ ነው።

ልጁ በቤት ቢያርፍ ሞቱ በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

## አራተኛ፦ በትውልድ ቀያችሁ አቅራቢያ ያለ ሆስፒታል

ከሐዋሳ ውጭ ለመጡ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ይርጋለምን የመሰለ የቆየ ሆስፒታል ያለበት አካባቢ ነዋሪ የሆነ ቤተሰብ በሐዋሳ አልጋ ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለውም፤ ማስታገሻውን የሚያስቀጥል ሐኪም እዚያ መኖሩ ይረጋገጥና የሪፈር ወረቀት ከሐዋሳ ወደዚያ ሆስፒታል ይጻፍ። ከመሄዳችሁ በፊት ሆስፒታሉ ሞርፊን እንዳለው የእኛው ሐኪም በስልክ እንዲያረጋግጥ አድርጉ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ሞርፊን ማዘዝ ባትችልም ቁስል ለማየትና ለመደወል የቅርብ ሰው ናት።

## ስለ ጸበልና ጸሎት

ጸበልን በሠንጠረዡ ውስጥ እንደ አምስተኛ አማራጭ አላስገባሁትም፤ ከሌሎቹ ጋር የሚሄድ እንጂ የሚተካቸው አይደለምና። አስቸጋሪው ነገር መድኃኒት አቁመው የሚሄዱ መኖራቸው ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ መክረዋል፤ ለሞርፊንም ከዚህ የተለየ ምክንያት አይታየኝም። ልጁ ለጉዞ ካልቻለ ጸበሉን በጠርሙስ ማምጣት ይቻላል፤ ለሥጋ ወደሙም ሆነ ለቀንዲል የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ማነጋገር ይሻላል። በሐዋሳ ብዙው ቤተሰብ ፕሮቴስታንት በመሆኑ የጸሎት ቡድን ወደ ቤት ይመጣል፤ ድምፁ ከፍ ካለ ልጁን እንደሚያስጨንቅ ለመሪው በትሕትና መንገር ነውር የለውም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ሐዋሳ ሆስፒታል | አዲስ አበባ | ቤት ከክትትል ጋር | የቅርብ ሆስፒታል |
|---|---|---|---|---|
| የሌሊት ማስታገሻ | ባለሙያ አለ፣ ሊዘገይ ይችላል | በሆስፒታሉ ይወሰናል፤ መንገዱ ያሠቃያል | የሠለጠነ አስታማሚ ካለ ጥሩ | ሞርፊን ካለ ጥሩ |
| ድንገተኛ ደም መፍሰስ፣ መንቀጥቀጥ | የተሻለው | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ |
| የመድኃኒት ምንጭ | ቅርብ | ቅርብ | የሚያልቅበት ቀን መታወቅ አለበት | በስልክ መረጋገጥ አለበት |
| ከወንድም እህት ጋር መሆን | አስቸጋሪ | አይቻልም ማለት ይቻላል | የተሻለው | መካከለኛ |
| ወጪ | መካከለኛ፣ ሲቆይ ይከብዳል | እጅግ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ሥርዓትና ቀብር | ለሐዋሳ ነዋሪ ቀላል | ከባድ | የተሻለው | ለአካባቢው ነዋሪ ቀላል |

## ለልጁ ይነገር ወይስ አይነገር?

ይህ ከቦታ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጁ የት መሆን እንደሚፈልግ ሳይነገረው ሊጠየቅ አይችልምና። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቀስ ተብሎ በሚነገርበት አገር ለራሱ ለሕመምተኛው፣ ያውም ለልጅ፣ መናገር ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን የ9 ዓመት ልጅ «ትምህርት ቤት መቼ ነው የምመለሰው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቱ ፊቷን ወደ መስኮት ካዞረች መልሱን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የስዊድን ጥናት ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆችን ጠይቆ ነበር፤ ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት ከተነጋገሩት 147 ወላጆች የተጸጸተ አንድም አልተገኘም፤ ካልተነጋገሩት ውስጥ ግን 27 በመቶ የሚሆኑት ተጸጽተዋል። ስዊድን ሐዋሳ አይደለችም፤ ሁሉም ይናገር አልልም። ልጁ ከጠየቀ ግን አትዋሹት። «ምን አስበህ ነው የጠየቅከኝ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ በሩን ይከፍታል።

## ለማን የትኛው?

ሐዋሳ የራሱ ቤት ወይም ሰፊ የቤተሰብ ግቢ ያለው፣ ቢያንስ ሁለት አስታማሚ የሚያፈራርቅ ቤተሰብ ቤትን ይምረጥ፤ ምልክቱ ሲባባስ ለአንድ ሁለት ቀን ሆስፒታል ገብቶ መውጣት ይችላል። በአንድ ክፍል የሚከራይ፣ ሁለቱም ወላጆች ሠራተኛ የሆኑበት ቤተሰብ ግን በግድ ቤት እንዲያስታምም አልመክርም። ለተቀጣሪዎች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለሚሠሩ እናቶችም ጭምር፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለከባድ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ ልጅ ሲሞት ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህ በቂ ባለመሆኑ የዓመት ፈቃድን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት ብልህነት ነው። ከገጠር የመጣ ቤተሰብ መጠኑ እስኪስተካከል ሐዋሳ ይቆይና ወደ ቅርብ ሆስፒታሉ ይዛወር።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ የሪፈር ሰንሰለቱን እንዳይዘልል ይጠንቀቅ፤ የጉዞና የአስታማሚ ማደሪያ ወጪ ግን ከራስ ኪስ ነው። መድን የሌለውና የተቸገረ ቤተሰብ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ያውጣ። ላም ወይም ቦታ ለመሸጥ ያሰበ አባት ቢጠይቀኝ፣ ገንዘቡ የሚውለው ለማዳን ሕክምና ካልሆነ አትሽጥ እለዋለሁ፤ ሌሎቹ ልጆች በዚያች ላም ይማራሉ። እድር ያላችሁ ደግሞ ደንቡ ለልጅ የሚያደርገውን ከጸሐፊው ጠይቁ፤ በየእድሩ ይለያያል። ይህን ቀድሞ መጠየቅ ሞት መጥራት የሚመስላቸው አሉ፤ ስለዚህ ጎረቤት ይጠይቅላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሆስፒታል ስትወጡ በእጃችሁ መኖር ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው፦ መጠኑ የተለካበት ሲሪንጅ፣ ጠርሙሱ የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት፣ በመደበኛው ሰዓት መካከል ሕመሙ ቢነሣ የሚሰጠው ተጨማሪ መጠን፣ የሆድ ማለስለሻ፣ የልጁ ሁኔታና የተስማማችሁበት ውሳኔ የሰፈረበት የሐኪም ደብዳቤ፣ ሌሊት የሚነሣ የዋርድ ስልክ፣ እንዲሁም በዚያ ሰዓት ተጠርቶ የሚመጣ የሰፈራችሁ ባጃጅ ነጂ ቁጥር።